ሶፍትዌሩ ያወጣውን ሶሎ አጠናሁ፤ መድረክ ላይ ግን ባዶ ነኝ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? 24 ዓመቴ ነው። አልቶ ሳክስፎን ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆነኝ። አርብ አርብ ማታ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ቤት እንጫወታለን። ባለፈው ዓመት ባንድ ኢን ኤ ቦክስ የሚባለውን ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ስጽፍለት ሶሎ፣ ማለትም ለብቻዬ የምጫወተውን ዜማ፣ ያወጣልኛል። ኖታውን እያየሁ አጠናዋለሁ። እስካሁን ወደ 30 ሶሎ አጥንቻለሁ። ቤት ውስጥ አሪፍ ነው። መድረክ ላይ ግን ሶሎ ሲሰጠኝ ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። ችግሩ የእኔ ነው የሶፍትዌሩ? ደግሞስ ለትዝታና ለባቲ ይሆናል ወይ? አንዳንዱ ሰው ማሽን ሶሎ አያስተምርም፣ ጣለው ይለኛል።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ አትጣለው። ጥሩ ዕቃ ነው። አጠቃቀምህን ግን መቀየር አለብህ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበልህ። 30 ሶሎ ማጥናት ቀላል ሥራ አይደለም። ያንን ያህል የሠራ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ተሰጥኦም አልጎደለውም። የጎደለህን ነገር ራስህ ጥያቄህ ውስጥ ጽፈኸዋል። «ኖታውን እያየሁ» ብለሃል። ሶሎዎቹ በዓይንህ ገብተው በጣትህ ወጡ። በጆሮህ አላለፉም። መድረክ ላይ ደግሞ ወረቀት የለም። ያኔ ጣት የሚጠይቀው ጆሮን ነው። ጆሮህ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራ አልተሰጠውም።

እኔም አልፌበታለሁ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር መጀመሪያ እጄ የገባ ጊዜ አንድ 32 ባር (የምት ክፍል) የሚሆን ሶሎ አውጥቶልኝ ነበር። ወር ሙሉ አጠናሁት። እንቅልፍ ላይ ሆኜ ብቀሰቀስ እጫወተዋለሁ። ከዚያ አንድ ምሽት ሥራ ላይ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት መጣ። ድምፁ ስለከበደው ዘፈኑን አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። የእኔ ሶሎ ግን ያለው በአንድ ኪይ (መነሻ ድምፅ) ብቻ ነው። ተራዬ ሲደርስ ጣቶቼ የሚያውቁት መንገድ ተዘጋ። ረዣዥም ድምፆች እየያዝኩ 16 ባር ጨረስኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኋላ ሲገባኝ፣ ያጠናሁት አንድ ንግግር ነበር እንጂ ቋንቋ አልነበረም።

አሁን ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ይህን ካወቅህ ከእሱ ምን መጠበቅ እንዳለብህ ይገባሃል።

ባንድ ኢን ኤ ቦክስ ፒጂ ሚዩዚክ የተባለው የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ነው። መነሻው አጃቢነት ነው። ኮርድ ትጽፋለህ፣ ስታይል ትመርጣለህ፣ ቤዝና ፒያኖ ከድራም ጋር ይነሡልሃል። ሶሎ አውጪው የመጣው ኋላ ነው። እሱም በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ኖታ በኖታ የሚያቀናብር ነው። በዚህ ኮርድ ላይ የትኞቹ ድምፆች ያርፋሉ፣ የትኞቹ ያልፋሉ፣ በዚህ ስታይል ምን ዓይነት ምት ይበዛል የሚሉ ደንቦች አሉት። ሁለተኛው ሙዚቀኞች ስቱዲዮ ገብተው የተጫወቱትን ቅጂ እየቆረጠ ከኮርድህ ጋር የሚገጥም ነው። ይህኛው ድምፁ የሰው ስለሆነ ያታልላል። ትንፋሹ ይሰማል፣ ምላሱ ይሰማል። ሐረጎቹን አንድ ላይ የሰፋው ግን ማሽኑ ነው።

ሌላም አለ፤ ለአንተ ምናልባት ከዚህ የሚሻል። ኢምፕሮ ቫይዘር ይባላል። ቦብ ኬለር የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር በካሊፎርኒያው ሃርቪ መድ ኮሌጅ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሠሩት ነው። ነፃ ነው። ከአገር ቤት ሆኖ በካርድ ዕቃ መግዛት ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ ስለማውቅ ይህን አስቀድሜ ነገርኩህ። አንዴ ከጫንከው ኢንተርኔትም አይጠይቅህም።

የኢምፕሮ ቫይዘር ትልቁ ጥቅም ግልጽነቱ ነው። ሶሎ የሚያወጣው በሰዋስው ነው፤ እውነተኛ ሰዋስው እንደ ቋንቋ። መጀመሪያ የሐረጉን አጽም ይሠራል። እዚህ ጋ የኮርድ ድምፅ ይሁን፣ እዚህ ጋ ማቅለሚያ ድምፅ፣ እዚህ ጋ ወደ ኮርዱ ድምፅ በቅርብ የሚያሸጋግር፣ እዚህ ጋ ዕረፍት ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ቦታዎቹን በእውነተኛ ኖታ የሚሞላው። ኖታውንም በቀለም ይለይልሃል። ጥቁር የኮርዱ ድምፅ ነው። አረንጓዴ የማቅለሚያ ነው። ሰማያዊ የመሸጋገሪያ ነው። ቀይ ከሦስቱም ያልሆነ ነው። አንተ ራስህ የምትጽፈውንም ሐረግ እንዲሁ ያቀልመዋል። መምህር አጠገብህ ቁጭ ብሎ ጣቱን እየቀሰረ የሚያሳይህ ያህል ነው። ቀይ ማለት ስህተት ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ በል። ጥሩ ተጫዋች ቀዩን አውቆ ይጠቀምበታል።

ማሽኖቹ የሚጎድላቸው ምንድን ነው? ሁለት ነገር። አንደኛው ትውስታ ነው። በ9ኛው ባር ላይ ያለው ሐረግ በ1ኛው ባር ላይ ምን እንደተባለ በአብዛኛው አያውቅም። ሰው ሶሎ ሲጫወት አንድ ነገር ይጀምራል፣ ይደግመዋል፣ ያጣምመዋል፣ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ዘፋኙ ነው። ማሽኑ ዘፋኙ አሁን የዘፈነውን ስንኝ አልሰማም። ያለቀሰ ይሁን የፎከረ አያውቅም። ስለዚህ የማሽን ሶሎ ከዳር እስከ ዳር ሲጠና ትርፉ አነስተኛ ነው። ዳር እስከ ዳር የሚይዘው ክር የለውምና። ጥቅሙ ያለው ቁርጥራጩ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

አንድ ዘፈን ምረጥ። ሁለት አትምረጥ። ለመጀመሪያ 12 ባር ብሉዝ ይመቻል። ቴምፖውን (ፍጥነቱን) 90 አድርገው። ሶፍትዌሩ በዚያው ኮርድ ላይ 10 ሶሎ እንዲያወጣልህ አድርግ። ሳክስፎንህ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። የኖታ መስኮቱንም ዝጋው። ዝም ብለህ ስማ።

ከ10ሩ አብዛኛው ጆሮህ ላይ አይቆይም። አትገረም። አንድ ቦታ ላይ ግን ቀና ትላለህ። ሁለት ባር ብትሆን ነው። «ይቺስ?» ትላለህ። እሷን ያዛት፤ የቀረውን ተወው። ይህ መምረጥ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ከዚህ በፊት ማሽኑ የሰጠህን ሁሉ ስትቀበል ነበር። አሁን ዳኛው አንተ ነህ። ጣዕምህ የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ማሽኑ አይደክመውም፣ ከ10ሩ አንዱም ካልጣመህ ሌላ 10 ያወጣል። ማንም መምህር እንዲህ አይታገሥህም።

ያገኘሃትን ሁለት ባር አዙረህ አዙረህ አሰማ፤ ቴምፖውን ወደ 60 አውርደው። ከዚያ በአፍህ ዝፈናት። ድምፅ የለኝም አትበል። ጎረቤት ከሰማህ በጥርስህ መሃል አንጎራጉር። ማሽኑን አጥፍተህ ብቻህን መዝፈን ስትችል ነው የያዝካት። ከዚያ በኋላ ሳክስፎንህን አውጣና በጆሮህ ፈልጋት። 20 ደቂቃ ሊፈጅብህ ይችላል። ይፍጅ። ያ 20 ደቂቃ ካለፈው ዓመት 30 ሶሎ ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው።

አሁን ነው ኖታውን የምትከፍተው። ለማንበብ አይደለም፣ ለመጠየቅ ነው። ለምን አማረችኝ? አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ኮርዶቹ ዲ ማይነር 7፣ ጂ 7፣ ሲ ሜጀር 7 ይሁኑ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ባር። ሐረጓ በዲ ማይነር ላይ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ ብላ ትወጣለች። በጂ 7 ላይ ቢ፣ ዲ፣ ኤ ፍላት፣ ኤፍ ትላለች። በሲ ሜጀር ላይ ኢ ላይ ታርፋለች። እዚህ ጋ ምሥጢሩ ሁለት ቦታ ነው። ከሲ ወደ ቢ ግማሽ ቶን ወረደች፤ ቢ ደግሞ የጂ 7 ሦስተኛ ድምፅ ነው። ከኤፍ ወደ ኢ ግማሽ ቶን ወረደች፤ ኢ የሲ ሦስተኛ ድምፅ ነው። ኮርዱ ሲቀየር ዜማዋ በአጭር እርምጃ ገብታ ቤቱ መሃል ቆመች። ኤ ፍላቷ ደግሞ ትንሽ ጎምዛዛ ናት፣ ከማረፏ በፊት ጆሮን ትቆነጥጣለች። ይህንን ከገባህ ሐረጓ ብትጠፋብህ እንኳ ሌላ እህቷን ትሠራለህ።

አንድ ማስታወሻ። የጻፍኩልህ በፒያኖ ኪይ ነው። አልቶህ የኢ ፍላት መሣሪያ ስለሆነ ፒያኖው ኤፍ ሲል አንተ ዲ ትይዛለህ። ሶፍትዌሩ ኖታውን ለአልቶ እንዲያሳይህ ማስተካከል ትችላለህ፤ አስተካክለው። ብዙ ልጆች ይህንን ሳያደርጉ ቀርተው ለወራት ይሰቃያሉ።

ቀጥሎ ኪይ መቀየር ነው። በ12ቱም ኪይ ተጫወት ብዬ አላስፈራህም። አርብ ማታ ዘፋኞቻችሁ የሚያዘወትሯቸው 4 ወይም 5 ኪዮች ይኖራሉ። በእነሱ ጀምር። ሶፍትዌሩ አጃቢውን በአንድ ንክኪ ያነሳልሃል፤ አንተ ግን ኖታ ሳታይ ሐረጓን በጆሮህ ታነሳታለህ። እኔን ያን ምሽት የጎደለኝ ይሄ ነበር።

ከዚያ አበላሻት። አዎ፣ አውቀህ። መጀመሪያዋን ቁረጥ። ምቷን አዘግይ። መጨረሻዋን ወደ ላይ ውሰድ። አንዷን ድምፅ ሦስት ጊዜ ደጋግም። ከአንዲት ሐረግ 10 ልጆች ስትወልድ ሐረጓ የማሽኑ መሆኗ ይቀራል።

የቅኔ ቤት ልጅ ካለ አጠገብህ ጠይቀው። የቅኔ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሁለት ቤት አስተካክሎ መቁጠር ሲችል ነው ወደ ረጅሙ የሚያልፈው። አንተ ግን በሙሉ ሶሎ ጀመርክ። ሁለት ባርህን ያዝ።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደው ክፍል። አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቃለህ። አንዱ «ተቀበል!» ይላል። ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ይቀበለዋል፣ በዜማው ይመልሰዋል፣ አንዳንዴም ጨምሮበት ይመልሳል። እዚያ ቤት ውስጥ ባዶ መሆን የለም፤ ምክንያቱም አዝማሪው ከምንም አይነሳም፣ ከተሰጠው ይነሳል። ጃዝ ተጫዋቾችም ይህ አላቸው፤ አራት አራት ባር ይቀባበላሉ። ባንድ ኢን ኤ ቦክስ ውስጥም ሶሎ አውጪው ከአንተ ጋር አራት አራት ባር እንዲቀባበል የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን ክፈተው።

ማሽኑ አራት ባር ይላል። አንተ አራት ባር ትመልሳለህ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ መልስህ ማሽኑ ከተናገረው አንድ ነገር መያዝ አለበት። የመጨረሻዋን ድምፅ ልትይዝ ትችላለህ። ምቱን ልትይዝ ትችላለህ። ወደ ላይ ከሄደ አንተ ወደ ታች ልትሄድ ትችላለህ። የተዘጋጀ ሐረግህን ግን እንዳታስገባ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ምክንያቱም እየሰማህ ማሰብ አለብህ። ሁለት ሳምንት ታገሥ። እዚህ ላይ ማሽኑ ሙዚቃ አዋቂ መሆኑ አያስፈልግም። ያልጠበቅከውን ነገር የሚወረውርልህ መሆኑ ይበቃል። መድረክ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ኪቦርዲስቱ ያልጠበቅከውን ይወረውርልሃል።

ስለ ትንፋሽም ልጨምር፣ ምክንያቱም ሳክስፎን ነው የምትጫወተው። ማሽን ሳንባ የለውም። አንዳንዱ ሶሎ 6 ባር ሳያቋርጥ ይሮጣል። አንተ ያንን ለመከተል ስትል ትንፋሽህ ያጥርና ድምፅህ ይሳሳል። ያጠናሃቸውን 30 ሶሎዎች መልሰህ ክፈትና የምትተነፍስበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ቦታ ከሌለው ኖታ ቀንስ። ሰው የሚሰማው በተነፈስክበት ቦታ ያለውን ዝምታም ጭምር ነው።

የሰው ሶሎም ከማሽኑ ጎን አድርግ። በጀርመን አገር ዋይማር የሚገኙ ተመራማሪዎች 456 የጃዝ ሶሎዎችን ከቅጂ አውጥተው በኖታና በኮምፒውተር ፋይል ለሕዝብ አቅርበዋል። ማሽኑ ካወጣው ሐረግ ጋር ስታስተያያቸው ልዩነቱን ጆሮህ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ትዝታና ባቲ ልምጣ። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩን እንዳለ ብትከተለው ይጎዳሃል።

እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚያስቡት በኮርድ ነው። ኮርድ ስትሰጣቸው ነው ምን ድምፅ ይሆናል ብለው የሚጠይቁት። የእኛ ቅኝት ግን ከኮርድ አልተወለደም። ከዜማ ነው የተወለደው። ትዝታ ሜጀርን ከሲ ብትጀምር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ማሽኑ ሲ ሜጀር ኮርድ ሲያይ ኤፍና ቢም ይጨምርበታል። ለእሱ ትክክል ነው። ለሚሰማህ ሰው ግን ትዝታው ሄደ። አንዲት ቢ ብቻ ትበቃለች፤ ያዘነው ሰው ቀና ብሎ ያይሃል።

«ታዲያ አምስቱን ድምፅ ብቻ እንዲጠቀም ላድርገው?» ትል ይሆናል። ይቻላል። ኢምፕሮ ቫይዘር ውስጥ የስኬልና የኮርድ መዝገቡን ራስህ ማረም ትችላለህ። ወይም ቀለል ያለው መንገድ፣ ያወጣውን ሶሎ በሚዲ (ኮምፒውተር የሚያነበው የኖታ ፋይል) አውጥተህ ሙዝስኮር በሚባል የኖታ መጻፊያ ላይ ከፍተህ ከቅኝቱ ውጭ ያሉትን ኖታዎች ትሰርዛለህ። ግን ይህም አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ላሳይህ።

አምባሰልን ከሲ ጀምር፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አሁን ትዝታ ማይነርን ከኤፍ ጀምር፤ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት። እስቲ አስተያያቸው። አምስቱም ድምፅ አንድ ናቸው! ባቲ ማይነርን ከሲ ውሰድ፤ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። ትዝታ ሜጀርን ከኢ ፍላት ውሰድ፤ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ። እነሱም አንድ ናቸው። ግን አምባሰል ትዝታ አይደለም፣ ባቲም ትዝታ አይደለም። ሕፃን ልጅ እንኳ ይለያቸዋል። ልዩነቱ ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚመለስ፣ የቷን ድምፅ እንደሚያንከባልል ነው። ድምፅ ብቻ የሚቆጥር ማሽን ይህንን አያይም። አምስቱን ድምፅ ሰጥተህ «ሶሎ አውጣ» ብትለው በአምስቱ መሃል ይዞራል እንጂ ቤቱ የት እንደሆነ አያውቅም።

ስለዚህ በቅኝት ላይ ሶፍትዌሩን ሶሎ አታስወጣው። አጃቢና መስታወት አድርገው። አጃቢ ስል፣ ኮርድ አታብዛ። ሲ ላይ አንድ ቤዝ ይዘህ ጭክጭካ አስመታ። ጭክጭካው 6/8 ነው፤ ሶፍትዌሮቹ ውስጥ ያሉት ስታይሎች ባብዛኛው የአሜሪካ ናቸውና እኛ የምናውቀውን ረገጣ አታገኝባቸውም። ባንድ ኢን ኤ ቦክስ የራስህን ስታይል የምትሠራበት ክፍል አለው፣ ትዕግሥት ካለህ። እኔ ግን የምመክርህ ሌላ ነው። ከበሮ የሚመታ ጓደኛ ፈልግ። በስልክህ 3 ደቂቃ ቅረጸው። ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማረሚያ ላይ አስገብተህ አዙረው። ኦዳሲቲ ነፃ ነው፣ ኪዩን ሳይቀይር ቴምፖ ዝቅ ከፍ ያደርግልሃል። ያ የጓደኛህ ከበሮ ከየትኛውም ስታይል ይሻልሃል።

ሐረጎቹን ደግሞ ከማሽን አትውሰድ፤ ከሰው ውሰድ። ለቅኝት ሶሎ አውጪህ የድሮ ቅጂ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ዘፋኙ ሲያርፍ የሚያስገባትን ሁለት ሐረግ ስማ። የዩቲዩብን ፍጥነት ወደ 0.75 ወይም ወደ 0.5 አውርደውና ቀደም ብዬ እንደነገርኩህ አድርግ፤ ዝፈን፣ ፈልግ፣ ኪይ ቀይር፣ አበላሽ። ማሲንቆው ድምፆቹን በፒያኖ ቁልፍ ልክ እንደማያቆም ትሰማለህ። ያንሸራትታል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል። የሚዲ ድምፅ ይህንን አይሰጥህም። ሳክስፎንህ ግን ይችላል። ከንፈርህን ትንሽ ፈታ ስታደርግ ድምፁ ይወርዳል። መሣሪያህ ለዚህ የተሠራ ያህል ነው።

ጌታቸው መኩሪያን አስብ። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያረፉት። ቴነር ሳክስፎን ይዘው የሽለላና የፉከራን ድምፅ ወደ ሳክስፎን አመጡ። የሶሏቸው መነሻ ስኬል አልነበረም። የሚፎክር ሰው ጉሮሮ ነበር። ሳክስፎኑ ይጮኻል፣ ይሰበራል፣ ይንተባተባል፣ ድንገት ይረጋጋል። አንድ ቀን ቁጭ በልና የፉከራ ቅጂ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ አዳምጥ። ቃሉን ትተህ ድምፁ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወድቅ ብቻ በሳክስፎን ለመከተል ሞክር። ይህ ልምምድ ለጆሮዬ የሰጠውን ያህል ሌላ ነገር አልሰጠኝም።

«ሙላቱስ በኮርድ አይደል የሚሠራው?» ካልከኝ፣ አዎ። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምረው አምስቱን ድምፅ ከጃዝ ኮርድ ጋር አጋቡ። ሥራቸውን በጥንቃቄ ስማው። ኮርዱ ሥር ሆኖ ቀለም ይሰጣል፣ ዜማው ግን ቅኝቱን አይለቅም። አንተም ኢትዮ ጃዝ የምትጫወት ከሆነ ሁለቱንም ልምምድ ትፈልጋለህ። ኮርዱን ከሶፍትዌሩ ተማር፣ ቅኝቱን ከሰው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አታደባልቃቸው።

ስለ አዲሶቹ ኤአይ ፕሮግራሞችም ትጠይቀኝ ይሆናል፤ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ሙሉ ዘፈን የሚያወጡት። ለልምምድ ብዙ አይጠቅሙህም። ያለቀ ድምፅ ነው የሚሰጡህ። አንዷን ኖታ ከፍተህ «ለምን?» ብለህ መጠየቅ፣ ኮርዱን መቀየር አይመችም። ለጊዜው ዝለላቸው።

ሰዓትህን እንዴት ትከፋፍል? በቀን 45 ደቂቃ ካለህ ይበቃል። 10 ደቂቃ ረዥም ድምፅ። 15 ደቂቃ አንዲት ሐረግ፤ መስማት፣ መዝፈን፣ መፈለግ። 15 ደቂቃ መቀባበል። የቀረውን 5 ደቂቃ ስልክህን አስነሥተህ አጃቢው ላይ እንደመጣልህ ተጫወትና ቅረጽ። ወዲያው አትስማው። በማግሥቱ ስማው። በማግሥቱ ጆሮህ ከሌላ ሰው ጆሮ ጋር ይቀራረባል። በሳምንት አንዲት ሐረግ ብቻ ያዝ፤ ዓመቱ ሲያልቅ 52 ይሆናሉ፣ እያንዳንዷም በየኪዩ ከነልጆቿ። መብራት በጠፋ ቀን ላፕቶፑ ከሞተ ስልክህ ላይ አይሪያል ፕሮን መጠቀም ትችላለህ። ሶሎ አያወጣም፣ ማጀብ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለአምስቷ ደቂቃ እሱ ይበቃል።

አንዲት ሐረግ የእኔ ሆነች የምትለው መቼ ነው? ሳትጠራት ስትመጣ። ቅጂህን ስትሰማ ከሁለት ሳምንት በፊት የያዝካት ሐረግ ሌላ ዘፈን ውስጥ፣ በሌላ ምት፣ ግማሿ ተቆርጦ ብቅ ትላለች። አላሰብካትም ነበር። ያን ቀን ደስ ይበልህ።

ለመጪው አርብም ልንገርህ፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም አይስተካከልምና። የተዘጋጀ ሶሎ ይዘህ አትውጣ። ዘፋኙ ሲዘፍን የሳክስፎንህን ቁልፎች አትነካካ፣ ስማው። ሶሎ ከመሰጠትህ በፊት የሚዘፍነውን የመጨረሻ ስንኝ ያዝ፤ ቃሉን ሳይሆን የመጨረሻዎቹን ሦስት ድምፆች። እነሱን መልሰህ ተጫወት። ከዚያ ሁለት ባር ዝም በል፣ ኪቦርዲስቱ ይሙላው። እሱ የሞላውን ያዝና ቀጥል። 16 ባር ሩቅ ይመስላል እንጂ በዚህ አካሄድ አራት መቀባበል ነው። ከመድረክ በፊት ለኪቦርዲስቱ ንገረው፣ ቦታ እንዲተውልህና ቦታ ስትተውለት እንዲገባ። ሐሙስ ማታ ከተገናኛችሁ ደግሞ ሶፍትዌሩን ዝጉትና ለግማሽ ሰዓት ሁለታችሁ ብቻ ተቀባበሉ።